በአማርኛ የንግግር መለማመጃ ክበብ ልንጀምር ነው፤ ታላቅን ሰው ፊት ማረም ላይ ተቸግረናል

ሂሳብ ሠሪው (ክሩን የከፈተ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ፣ ምክራችሁን በጣም እፈልገዋለሁ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። 11 ዓመት ከቁጥር ጋር ስውል አንድም ቀን «ተነሥና ተናገር» ያለኝ አልነበረም። አምና የክፍል ኃላፊ ሆንኩና የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ለሥራ አመራሩ እንዳቀርብ ተነገረኝ። ሪፖርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ከነሳንቲሙ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት ስቆም ግን ጉሮሮዬ ደረቀ። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። 10 ደቂቃ የተሰጠኝን በ3 ደቂቃ ጨርሼ ተቀመጥኩ። ጥያቄ ሲነሣ የመለሰው አለቃዬ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ይህን ያየች አንዲት ባልደረባዬ ቶስትማስተርስ ወደሚባል የንግግር ክበብ ወሰደችኝ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ራልፍ ስሜድሊ የሚባል ሰው በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና በምትባል ከተማ፣ በወወክማ ውስጥ የጀመረው ነው። ዛሬ በብዙ አገር ክበቦች አሉት፤ አዲስ አበባም ውስጥ አሉ። አስተማሪ የሚባል የለም፤ አባላቱ እርስ በርስ ይማማራሉ። ሁለት ሦስት ሰው ተዘጋጅቶ ይናገራል። ከዚያ ሳይዘጋጁ ጥያቄ ተሰጥቷቸው እዚያው ቆመው 1 ወይም 2 ደቂቃ የሚመልሱ አሉ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ አባል ተነሥቶ ያየውን ይነግረዋል፤ የቱ ጋ እንደያዘው፣ የቱ ጋ እንዳጣው። ለዚህም የተፈቀደለት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ንግግር ስለ ራስህ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ። 4 ላይ አረንጓዴ፣ 5 ላይ ቢጫ፣ 6 ላይ ቀይ ይነሣል። የባንዲራችን ቅደም ተከተል ስለሆነ ለመልመድ ጊዜ አልወሰደብኝም።

እነሆ 8 ወር ሆነኝ። ዛሬም ከመነሣቴ በፊት ልቤ ይመታል፤ ግን ድምፄ አይጠፋም። የለወጠኝ ደግሞ መናገሩ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሙሉ 6 ደቂቃ እኔን ብቻ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ቁጥሩን ስትጠራ ወደ መሬት ታያለህ፤ የምታፍርበት ይመስላል» ያለኝ ቀን ነው የተለወጥኩት። ይህንን 11 ዓመት ሙሉ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የኛ ክበብ በእንግሊዝኛ ነው የሚካሄደው። ታላቅ ወንድሜ መካኒክ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ሲያወራ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማዋል፤ እዚያ ግን አንድ ቀን መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ሄደ። እንደሱ ያሉ ሰፈራችን ውስጥ ብዙ አሉ። ስለዚህ ለምን በአማርኛ አንጀምርም ተባባልንና የዕድራችን አዳራሽ እሁድ ከሰዓት ተፈቀደልን። ባለፈው እሁድ ሞከርነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለ7 ደቂቃ ተነሥተው 14 ደቂቃ ተናገሩ። ሰዓት ጠባቂዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ቀዩን ካርድ ጭኗ ላይ እንደያዘች ማንሣት አልደፈረችም። አስተያየት እንዲሰጥ የተመደበው ልጅ ደግሞ ተነሥቶ «ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነበር፣ ብዙ ተምረንበታል» ብሎ ተቀመጠ። አለቀ። 20 ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ደክመው ነበር፣ ሰውም ደክሞ ነበር። እርማት ከሌለ ደግሞ ክበቡ እሁድ እሁድ ንግግር የሚደረግበት ሌላ ስብሰባ ብቻ ይሆናል። በባህላችን ታላቅን ሰው ፊት ማረም ነውር ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ምን ይሻላል?

---

መምህር ከባሕር ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

ወንድሜ፣ በርቱ። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚኒ ሚዲያና የክርክር ክበብ አስተባብራለሁና ከልምዴ አንድ ነገር ልበል። አስተያየት የሚሰጠውን ሰው ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? «ገምጋሚ» ካላችሁ ዛሬውኑ ስሙን ለውጡ።

በኛ ዕድሜ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ «ግምገማ» ሲባል ትዝ የሚለው ሌላ ነው። በር ተዘግቶ፣ ሰው ተነሥቶ ድክመቱን እንዲናዘዝ የሚደረግበት፣ ከዚያ ወጥቶ ከቦታው የሚነሣበት ስብሰባ። ከዚያ በፊት ደግሞ «ሂስና ግለ ሂስ» ነበር። ቃሉ ጠባሳ አለበት። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት «ገምጋሚ» እያልኩ ስጠራ ወላጅ መጥቶ «ልጄን ምን አጠፋች ብላችሁ ነው የምትገመግሟት?» ብሎኛል። አሁን «መስታወት» ነው የምንለው። «የዛሬው መስታወት ማን ነው?» ስንል ልጆቹ እጃቸውን ያወጣሉ። መስታወት አይሳደብም፣ አያቆላምጥም፤ ያየውን ብቻ ያሳያል።

---

ነርሷ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:35

መስታወት የሚለውን ወድጄዋለሁ፤ ለኛም ክበብ ይዤው እሄዳለሁ።

እኔ የማነሣው ስለ ዓይን ነው። መጀመሪያ ስገባ የተሰጠኝ ምክር «ሰውን ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ» የሚል ነበር። እሺ፣ ግን እኔ «ዓይንሽን ስበሪ» እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አባቴን ፊት ለፊት ትኩር ብዬ ያየሁት ሲሞት ነው። ጨዋ ሴት ልጅ ድምጿ ከጓዳ አይሰማም በተባለበት ቤት አድጌ፣ 40 ሰው ፊት ቆሜ ከመሃላቸው የማከብራቸውን ዶክተር ዓይን እያየሁ እንድናገር ስጠየቅ ፍርሃት ብቻ አልነበረም የያዘኝ፤ ባለጌ የሆንኩ መሰለኝ።

መፍትሔ የሆነኝን ልንገርህ። አንዲት አባል «ዓይን ማየት ካቃተሽ ግንባር እይ፤ ደግሞ አንድ ሐሳብ ለአንድ ሰው ስጪ፣ ሐሳቡ ሲያልቅ ወደ ሌላው ዙሪ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለዶክተሩ፣ ቀጣዩን ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሦስተኛውን ለጀማሪዋ እየሰጠሁ ነው የምናገረው። ትኩር ብሎ ማየትና ነገርን ለሰው ማድረስ የተለያዩ መሆናቸው ያኔ ነው የገባኝ። ዛሬ ተረኛ ሆኜ ሌሊት በሽተኛ ሳስረክብ እንኳ ይህንኑ አደርጋለሁ፤ የሚቀበሉኝም ደግመው መጠየቅ ቀንሰዋል።

ሌላው፣ ሴቶች አፋቸውን እንዲከፍቱ ከመጀመሪያው አስቡበት። የጠቀስከው ቶስትማስተርስ ራሱ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተመሠረተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እናንተ ያን ያህል አትቆዩ። እናቶች ቡና አፍልተው የሚያስተናግዱበት ክበብ ካደረጋችሁት አንድም ቀን ተነሥተው አይናገሩም። ቡናው በተራ ይሁን።

---

ቀጥታ ተናጋሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

እኔ እንዲህ ያለ ክበብ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይቼ ወጥቻለሁ፤ የወጣሁበትን ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እየሆነ መጣ። «ወዳጆቼ ሆይ» ብሎ እጁን ይዘረጋል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ፈገግ ይላል። አባቱ ስለሞቱበት ቀን የሚናገር ሰው በትክክለኛው ቦታ ቆም ስላለ ሲሞገስ ሰምቼ አዝኛለሁ። አስተያየቱም ቢሆን ምስጋና፣ ትንሽ እርማት፣ እንደገና ምስጋና ነው፤ ከጊዜ በኋላ መሃል ላይ ያለችውን ብቻ ጠብቀህ ሌላውን አትሰማም።

የኛ ሰው የራሱ ለዛ አለው። የምትሉትን ነገር ከውጭ እንዳለ ገልብጣችሁ እዚህ ብታመጡት ያንን ለዛ እንዳታጠፉት እፈራለሁ።

---

ሂሳብ ሠሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

ቀጥታ ተናጋሪ፣ ስላልሸፋፈንከው አመሰግናለሁ። ያልከውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ የሚለውን እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ያ ክበቡ የሚያስተምረው አይመስለኝም፣ የፈራ ሰው የሚይዘው ምርኩዝ ነው። ፍርሃቱ ሲለቀው ምርኩዙን የሚጥል አለ፣ ይዞት የሚቀር አለ። ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ያለው ለዛ ሰው ፊት ሲቆም የሚጠፋበትን ምክንያት ማወቅ ነው የኔ ፍላጎት። የሌላውን ለዛ እንዲለብስ አይደለም።

---

ቅኔ ቤት የዋለ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

ቀጥታ ተናጋሪ ላነሣው ስጋት፦ ይህ ነገር ከውጭ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ ጎጃም ቅኔ ቤት ተምሬያለሁ። ተማሪ ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ነገራው በግል አይደለም፤ ጓደኞቹ ከበው ተቀምጠው ይሰማሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ወርቁን ካልያዘ፣ እዚያው በሰው ፊት ይታረማል። ትናንት ሲሣቅበት የነበረ ልጅ ዛሬ «ይበል!» ሲባልለት ሰምቻለሁ። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ታናናሾቹን ያስነግራል።

እና ሰው ፊት መታረም የኛ አይደለም የሚባለው ትክክል አይደለም። ድሮ ሙግት ላይም በላ ልበልሃ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛና ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ «እሰጥ አገባ» እየተባባሉ በቃል ነው የሚረቱት። ልዩነቱ ምን መሰለህ፦ ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ልታረም ብሎ ነው የገባው። ጡረተኛው መምህር ያለፈው እሁድ ሲነሡ ሊታረሙ እንደተነሡ ያውቁ ነበር? ወይስ ታላቅ ስለሆኑ ምክር እንዲሰጡ የተጋበዙ መስሏቸው ነበር?

---

ሂሳብ ሠሪው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

ይህ ጥያቄህ አስደንግጦኛል። አልነገርናቸውም። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይጀምሩልን» ነው ያልናቸው። እሳቸውም እንደተጋበዘ ሰው ነው የተናገሩት። ጥፋቱ የኛ ነው።

---

የጉለሌ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

እኔ በክበባችን ተናጋሪው የሚያበዛውን «እእ» የምቆጥረው ሰው ነኝ፤ እንዲሁም አማርኛ ሲሆን ቆጠራው ይለያል ለማለት ነው የመጣሁት። በእንግሊዝኛው ሁለት ሦስት ድምፅ ነው የምትጠብቀው። በአማርኛ ግን ሌባው ብዙ ነው፦ «ያው»፣ «ማለቴ»፣ «በቃ»፣ «አይደል?»፣ «እንግዲህ»፣ ከሁሉም በላይ «እንትን»።

«እንትን» አደገኛ የሆነው ለሁሉም ስለሚሠራ ነው። ስምም ይሆናል፣ «እንትን አደረገ» ሲባል ደግሞ ግሥም ይሆናል። አንድ ሰው ስለ ሞተር ሲያስረዳን «እንትኑን ፈትተህ፣ እንትኑ ላይ ስታደርገው፣ ያኔ እንትን ይላል» አለ፤ በእጁ ስለሚያሳይ እሱ ሁሉም የተገለጠ መስሎታል። እኛ ግን አንድም ዕቃ አላወቅንም። ጋራዥ ውስጥ ዕቃው ፊት ለፊት ስላለ ችግር የለም። አዳራሽ ውስጥ ግን ዕቃው የለም፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው። የወንድምህ ለዛ ለምን እንደሚጠፋ የጠየቅከው ከፊሉ መልስ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ንግግሩ ሁለት ሦስት ዕቃ ይዞ ይምጣና በስማቸው እየጠራ ያሳይ።

ሁሉንም ግን አትቁጠሩ። ተረት የሚያወራ ሰው «ምን መሰላችሁ…» ሲል ሰሚውን ወደራሱ እየሳበ ነው፤ ያ ጌጥ ነው። «እንግዲህ» ንግግር ሲከፍት መንደርደሪያ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ሲገባ ነው ሌባ የሚሆነው። የቆጠርኩትን ስናገርም ቁጥር ብቻ እናገራለሁ። «እንትን 14 ጊዜ» ብዬ እቀመጣለሁ፤ ቁጥር ሰው አያስቀይምም፣ በሚቀጥለው ሳምንት 6 ሲሆን ደግሞ ቤቱ ያጨበጭባል።

---

መምህር ከባሕር ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

የጉለሌ ልጅ ስለ አማርኛ ካነሣ አይቀር፣ አንድ ለረጅም ጊዜ ስከታተለው የቆየሁት ነገር አለ።

ሰው ሲፈራ ድምፁ የሚወድቀው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ትንፋሹ ያልቃል፣ ወይም ቶሎ ጨርሶ መገላገል ይፈልጋል። በአማርኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ማሰሪያው ግሥ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሁን ወይም አይሁን የሚታወቀው እዚያ ነው። «ገንዘቡ በተባለው ቀን ለኮሚቴው…» ብሎ ድምፁን ከዋጠው፣ «ተሰጥቷል» ይበል «አልተሰጠም» ይበል ኋላ የተቀመጠው አይሰማም። ስብሰባ ላይ በዚህ የተነሣ ጠብ ሲፈጠር አይቻለሁ። ስለዚህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስለምዳቸው ማሰሪያውን እስከ ኋላ ግድግዳ ማድረስ ነው። ሌላው ቢረሳ ይረሳ።

ከዚሁ ጋር፣ «ሄጄ፣ አይቼ፣ ጠይቄ፣ ተመልሼ፣ ነግሬ…» እያሉ ማሰሪያ ሳያገኙ አንድ ደቂቃ መሄድ አለ። ሰሚው ተንጠልጥሎ ይቀራል። መተንፈሻ የሚገኘው ማሰሪያው ላይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እሰሩ።

መግቢያውንም ተጠንቀቁ። «የተከበራችሁ የዕድሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች…» ሲባል ከ7 ደቂቃ 2ቱ ያልቃል። አክብሮቱ ለመድረኩ መሪ ይሰጥ፤ እሱ አንድ ጊዜ ሁሉንም ሰላም ይበልና ተናጋሪው በቀጥታ ወደ ነገሩ ይግባ።

---

ዱባይ ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:30

እዚህ ክበቡ ብዙ ነው፤ አብዛኛው አባል ህንዳዊና ፊሊፒናዊ ነው፣ ከኛ ልጆችም አለን። ስለ ንግግሩ ብዙ ስለተባለ ስለ መሪነቱ ልጨምር፤ እኔን የጠቀመኝ እሱ ነውና።

አንድ ዓመት የክበባችን የትምህርት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኜ አገልግዬ ነበር። ስሙ ትልቅ ይመስላል፤ ሥራው ማን መቼ እንደሚናገር፣ ማን ሰዓት እንደሚይዝ መደልደል ነው። ሐሙስ ማታ «አልችልም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አርብ ጠዋት ስብሰባ አለ። የማትከፍለውን ሰው፣ አለቃው ያልሆንከውን ሰው፣ በሥራ የደከመውን ሰው በስልክ ለምነህ፣ እሺ አሰኝተህ፣ ደግሞ ደስ ብሎት እንዲመጣ ማድረግ አለብህ። ሆቴል ውስጥ ተቆጣጣሪ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጠየቁኝንም ሁሉ ስመልስ የነበረው ከዚያ ዓመት እያወጣሁ ነው።

ለእናንተ የሚሆን ተግባራዊ ነገር፦ በመጀመሪያ የቶስትማስተርስን ስም አትጠቀሙ። ስሙ የተመዘገበ ነው፤ በይፋ ክበብ ለመሆን ደግሞ 20 አባል ያስፈልጋል፣ ክፍያም አለው፤ አባል በየ6 ወሩ 60 ዶላር፣ አዲስ ገቢ ደግሞ ተጨማሪ 20 ዶላር። ለሰፈራችሁ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ዶላሩም አይገኝም። የራሳችሁን ስም አውጡና በራሳችሁ አሠራር ጀምሩ። አሠራሩን መውሰድ ማንም አይከለክላችሁም። ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ኃላፊነቱ ይዙር። ሰብሳቢው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ እሱ ብቻ ይማራል።

---

የዕድር ዳኛ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:50

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። የልጅ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝና የሚጽፍልኝም እሱ ነው። ዕድሜዬ 71 ነው፤ የሰፈራችንን ዕድር 19 ዓመት በዳኝነት መርቻለሁ። ሦስት ነገር እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ ቅኔ ቤት የዋለው ልጅ ልክ ነው። እርማቱን ራሱ ተናጋሪው ይጠይቅ። ማንም ይሁን ማን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ከመናገሩ በፊት «ስጨርስ አርሙኝ» ብሎ ይጀምር። እኔ «አርሙኝ» ካልኩ በኋላ ታናሽ ተነሥቶ ቢነግረኝ ታዞ ነው፣ ደፍሮ አይደለም። ሳልጠይቅ ከነገረኝ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ እቀየማለሁ። ደግሞ ታላቅ ቀድሞ ይታረም። ታላቁ ሲታረም ያየ ታናሽ አይፈራም።

ሁለተኛው፣ ስለዚያች ሰዓት ጠባቂ ልጅ። ቀይ ካርድ በሽማግሌ ፊት አታሲዟት። ዳኛ ብላችሁ ስለጠራችሁኝ ልንገራችሁ፣ ዕድር ላይ ነገር የሚያበዛ ሰው ሲገጥመኝ ቃል አልናገርም። ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ያ ሰው ዓይቶኝ «እሺ፣ ላብቃ» ይላል። ልጅቷም ሰዓቱ ሲሞላ ብድግ ትበል። ለታላቅ ብድግ ማለት ከእናቷ ቤት የተማረችው ነው፤ በሱ ማንም አይቀየማትም። እናንተም «ብድግ ስትል ሰዓት ሞላ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ለሁሉ ንገሩ።

ሦስተኛው፣ የሚያርመው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይናገር። አምስት ጥፋት የተነገረው ሰው አምስቱንም ይጥላቸዋል። አንድ ከተነገረው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ያድርበታል።

---

ነርሷ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:30

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብድግ የሚለውን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ለሚጽፍልዎም ልጅ እድገት ይስጠው።

---

ቀጥታ ተናጋሪ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:05

አባባ፣ ትናንት የፈራሁት ለዛ ይጠፋል ብዬ ነበር። እንዲህ ከሆነ አይጠፋም። አድራሻውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እሁድ እመጣለሁ።

---

ሂሳብ ሠሪው
እሁድ፣ ከምሽቱ 2:20

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሆነውን ሳልነግራችሁ መተኛት አልቻልኩም።

13 ሰው መጣ፤ 4ቱ ሴቶች ናቸው። ቡናውን ያፈላው ወንድሜ ነው፤ ሴቶቹ ተቀምጠው ተቀበሉት። ከመጀመራችን በፊት ጡረተኛውን መምህር ለብቻ ወጣ አድርጌ ባለፈው ሳምንት ስላልነገርናቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸውና የአባባን ምክር በሙሉ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እኔ 34 ዓመት ሰው ሳርም ኖሬያለሁ፤ ተራዬ ነው» አሉ። ራሳቸው ቀድመው ተነሡ። መጀመሪያ ያሉት ቃል «ስጨርስ አርሙኝ» የሚል ነበር።

የተናገሩት ለማስተማር የተመደቡበት የመጀመሪያ ቀን ላይ ስለሆነው ነው። ትምህርት ቤቱ ጣራው ሣር፣ ወንበሩ ድንጋይ፤ ስም ሲጠሩ ከ50 ልጆች የመጣው አንድ ብቻ ነው። ያንን አንድ ልጅ ይዘው ቀኑን ሙሉ እንዳስተማሩት ነገሩን። ማንም አልተንቀሳቀሰም። 7 ደቂቃ ሲሞላ ተማሪዋ ብድግ አለች። ጋሼ አዩዋት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረው አሰሩትና ተቀመጡ። 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።

የዕለቱ መስታወት ወንድሜ ነበር። ንግግሩ ሲካሄድ ቁና ቁና ሲተነፍስ ከጎኑ ሆኜ እሰማው ነበር። ተነሣና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ‹አርሙኝ› ብለዋልና ልናገር። ሁሉንም ሰምተናል። የዚያን ልጅ ስም ሲጠሩ ግን ድምፅዎ ዝቅ አለ፣ እኛ ኋላ የተቀመጥነው አልሰማነውም። ጠዋት የመጣው እሱ ብቻ ስለሆነ ስሙን ልንሰማው እንፈልግ ነበር።» አንድም «እንትን» አልነበረበትም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ቆጣሪዋ ናት።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከተቀመጡበት ተነሡና «ልድገመው?» አሉ። የልጁን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ስም እንደሚጠራ መምህር ጮክ ብለው ጠሩት። ከኋላ አንድ ሰው «አቤት!» አለ።

የሚቀጥለው እሁድ ሰዓት ጠባቂ እኔ ነኝ። ተማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትናገራለች፤ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ። ቀጥታ ተናጋሪ መስታወት ለመሆን ስሙን አስመዝግቧል። መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።